በትምህርት ቤቱ በር ግንባር የዳሰስኩበት ኅዳር

ጡረታ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቴ ለቡ መብራት ኃይል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ በረንዳው ስትዞር ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ፤ ሳላውቀውም ዓይኔ ይከደናል። ያኔ ከታች ያለው አስፋልት ይጠፋና የጤፍ ማሳ ይሆናል። የታክሲዎቹ ጥሩምባ ይርቃል፣ ሀይሌ ጋርመንት የሚሉት መንገድ ከነግርግሩ ይሟሟል፣ በምትኩ ከሀና ማርያም በኩል ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ትታየኛለች። በእሷ ላይ ልጆች ደብተራቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ስነቃ ሻዬ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ይህ አይደለም። በቅርቡ ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተዘጉ ጊዜ፣ አስተማሪ የሆነችው ልጄና ባለቤቷ እኔ ቤት ምሳ ላይ ተከራከሩ። እሷ "ይከፈት" ትላለች፤ እሱ "እንዴት ተደርጎ!" ይላል። ወጡ ሲበርድ አላስተዋሉም። በመጨረሻ ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ "እማዬ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የሠራሽው ጤና ላይ ነው። ምን ትያለሽ?" አለችኝ። መልሱ በአንድ ምሳ የሚያልቅ አልነበረም።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ በአርባዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ሙሉ ነርስ አልነበርኩም፤ አጭር ሥልጠና የጨረስኩ ረዳት ነበርኩ። ሰፈሩ ግን በሦስተኛው ቀን "ሲስተር" ብሎ ሾመኝና ስሜ ዘነበች መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋ። የተመደብኩት ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያመጣኝ ባለጋሪ "ከዚህ ወዲያ ከተማ የለም፣ እህቴ" ብሎ ሻንጣዬን ሣር ላይ አስቀመጠልኝ። ቆሜ አዳመጥኩ። ነፋሱ በስልክ ሽቦዎች ውስጥ ሲያልፍ የሚያወጣው ቀጭን ዜማ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። ከክሊኒኳ አጥር ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ አለ፤ ረጅም የጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ አምስት ክፍል። ደሞዙ ትንሽ ነበር፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልናገርም።

አለቃዬን ሰው ሁሉ "ሐኪም ደምሴ" ይላቸዋል። በወረቀት ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ማጠቡን፣ መርፌ መውጋቱን፣ መድኃኒት ማደሉን በጦር ሠራዊት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ የተማሩ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጠጋ ካላሉ በቀር ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ በቆርቆሮ ዕቃ የያዙት ሳሙና አይጠፋም፤ ሰው ቤት ሲገቡ ውሃ ይለምናሉ፣ ሲወጡም ይለምናሉ። ልጅ ሲመረምሩ ተንበርክከው ነው። ገበሬዎቹን በኦሮምኛ፣ የሰፈሩን ፋብሪካ ሰዎች በአማርኛ ያጫውታሉ፤ ሁለቱንም ሲናገሩ አይቸኩሉም።

መርፌ ያኔ እንደ ዛሬ ተወግቶ የሚጣል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የጋዝ ምድጃችንን፣ ፕሪሙሷን፣ ለኩሰን እንቀቅለዋለን። የደነዘዘውን ሐኪም ደምሴ በጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ይስሉትና ጫፉን ጥጥ ላይ ይጎትቱታል። ጥጡ ክር ከመዘዘ፣ "ይኼ ገና ልጅ ያስለቅሳል" ብለው ወደ ድንጋዩ ይመልሱታል። ትኩሳት መዳሰስን ራሱን እንደ አንድ የእጅ ሙያ ነው ያስተማሩኝ።

"እጅሽን መጀመሪያ ብብትሽ ውስጥ አሙቂው" ይሉኛል። "እጅሽ ከቀዘቀዘ ልጅ ሁሉ የሚነድ ይመስልሻል። ግንባርን አትመኚ፤ ፀሐይ ይመታዋል፣ ሩጫም ያሞቀዋል። ከጆሮው ኋላ ዳስሺ፣ ከዚያ ሸሚዙን ገልጠሽ ሆዱን። ሆዱ ከጋለ ያኔ ቴርሞሜትር አውጪ።"

ቴርሞሜትር የነበረን አንድ ብቻ ነው። እሱን ከእጅ አንጓ ብቻ አራግፎ ሜርኩሪውን ማውረድ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በሽታው የመጣው በኅዳር ነው። ዓለምን እየዞረ ያለ ጉንፋን እንዳለ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ራዲዮ ከነገረን ሰንብቷል፤ እኛ ግን ባሕር ማዶ የሚቀር መስሎን ነበር። መጀመሪያ የፋብሪካ ሠራተኞች ተኙ። ከዚያ አንድ ጠዋት መርፌ ስቀቅል ከአጥሩ ማዶ የሚመጣው ድምፅ ተለወጠብኝ። ሌላ ቀን ፊደል ሲቆጥሩ ወይም ሲያባዙ ነበር የምሰማው፤ ያን ቀን ሳል ብቻ ነበር፣ ከአምስቱም ክፍል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች "የኅዳር በሽታ ተመለሰ" አሉ፤ እነሱ ልጆች ሳሉ ከተማውን የጨረሰውን ማለታቸው ነው። የኅዳር ሚካኤል ቀን ሳይደርስ በየደጁ ቆሻሻ እየተከመረ ይቃጠል ጀመር። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የማገኘው ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ዲሬክተሩ አቶ ገብረየስ ቢሯቸው ጠሩን። አጭር፣ ፈጣን፣ ኮታቸው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ነበሩ፤ ሦስተኛ ክፍልንም ራሳቸው ያስተምሩ ነበር።

"ይዘጋ" አሉ ሐኪም ደምሴ ገና ሳይቀመጡ። "አንድ ወር። በአንድ አግዳሚ ላይ አምስት ልጅ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ሲያስል አራቱ ይቀበሉታል።"

አቶ ገብረየስ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያዩ ነበር። "ሐኪም፣ ከገበሬው ቤት ሴት ልጅ ለማምጣት ስንት ደጅ እንደ ጠናሁ እርስዎ ያውቃሉ። ሦስት ዓመት ተመላልሼ ሰባት አገኘሁ። ዛሬ ዘግቼ ሂዱ ካልኳቸው አጨዳ ነው፣ ከአጨዳ ውቂያ ነው፣ ከውቂያ ባል ቤት ነው። አይመለሱም።"

"በሕይወት ካሉ ይመለሳሉ።"

"አይመለሱም እኮ ነው የምልዎት!" ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ጠመኔው ቦነነ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲከራከሩ መሀል መግባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሐሳብ መጣልኝና ተናገርኩት። "እኔ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ልቁም። እያንዳንዱን ልጅ ልዳስስ። ትኩሳት ያለው ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ጤነኛው ይማር።"

አቶ ገብረየስ ፊታቸው በራ። ሐኪም ደምሴ ግን እጃቸውን አዩና፣ "እንሞክረው። ልብሽ ካላረፈ ግን እኔን ጥሪ" አሉኝ።

ልቤ አርፎ ነበር። ነገሩ ያ ነው።

እነዚያ ጠዋቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ ዘመኔ ደስ ያሉኝ ጠዋቶች ነበሩ። ጉሙ ሳይነሳ በሩ ላይ እቆማለሁ። ልጆቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ግንባር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ሆድ፤ ግንባር፣ ከጆሮ ኋላ፣ ሆድ። እጄ ራሱ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ሆዱን ስነካው ይስቃል። ትኩሳት ያለበትን ትከሻውን ይዤ ወደ መንገዱ አዞረዋለሁ፤ እሱም ጉሙ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። ከኋላዬ ትምህርቱ ይጀመራል። ሳሉ ቀነሰ። አቶ ገብረየስ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያነሱልኛል።

ትርንጎ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ እትዬ ሙሉነሽ ፋብሪካ ጆንያ ስትሰፋ ትውላለች፤ አባት የለም። ከፋብሪካው በታች በተደረደሩት የኪራይ ቤቶች አንዷ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ። ትርንጎ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የምትቀመጠው ከጫልቱ ጋር ነው፤ ጫልቱ ከሰባቱ የገበሬ ልጆች አንዷ፣ የኦቦ ቱፋ ልጅ፣ በዕድሜም በቁመትም ትበልጣታለች። ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ያን ቀን ትርንጎ ተራዋ ሲደርስ ግንባሯ ጋለብኝ።

"ሲስተር፣ ሮጬ ስለመጣሁ ነው እኮ" አለችኝ።

ሆዷን ዳሰስኩ። "ሆድሽም ሮጧል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩባት፤ ሰልፉ ሳቀ። "ሂጂ የኔ ቆንጆ። እቤትሽ ገብተሽ ተኚ፤ ትኩስ ነገር ጠጪ።"

አልሄደችም። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ ጫልቱን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ከኋላዋ የቆመው ሰልፍ ረጅም ነበር፣ ብርዱም ጣቴን እየያዘኝ ነበር። "ቀጥሎ" አልኩ።

በነጋታው ረፋድ ላይ እትዬ ሙሉነሽ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ አዝላ ክሊኒክ መጣች። የሆነውን ከእሷ ሰማን። ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ስትወጣ ቤቷን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች፤ ልጅቷ የምትውለው ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እናቷ እስክትመጣ ከጫልቱ ጋር ሜዳ ላይ ነው። ሌባ እንዳይሰማ ብላ፣ "ቤቱ ባዶ ነው ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ" ብላታለች። ትርንጎ አልተናገረችም። ወደ ቤቷ ሄዳ የተቆለፈው በር ሥር ተቀመጠች። ጎረቤቱ ገሚሱ ሥራ ነው፣ ገሚሱ በሩን ዘግቶ ታሟል። የኅዳር ነፋስ በዚያ ሜዳ ላይ ሲነፍስ የሚያቆመው ነገር የለም። እናቷ ማታ ስትመለስ በሩን ተደግፋ እንደተኛች አገኘቻት።

ሳንባዋ ተይዞ ነበር። ፔኒሲሊን ጀመርን። ሐኪም ደምሴ ለእሷ የሚሆነውን መርፌ ሲስሉ ጥጡን አራት ጊዜ ጎተቱት። እንፋሎት አጠንናት፣ በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፣ በየሰዓቱ ትንፋሿን ቆጠርኩ። ጫልቱ በየዕረፍቱ እየመጣች አጥሩ ላይ ትቆማለች፤ ግቢ አልላትም፣ ሂጂም አልላትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጆቹ ከማዶ ለሰልፍ ሲጠሩ፣ የትርንጎ ትንፋሽ እየራቀ እየራቀ ሄደና ቀረ። በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። እንደዚያ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው የሄደ ግን አላየሁም። እናቷ ለጥቂት ጊዜ አላወቀችም፤ ልብሷን እያስተካከለችላት ነበር።

የበሩ ብርድ ነው የገደላት ወይስ በሽታው ራሱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያለዚያም ትሞት ይሆናል። ይህን ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አላሳረፈኝም።

ሀና ማርያም ከቀበርናት በኋላ ሐኪም ደምሴና እኔ ክሊኒክ ተመልሰን ተቀመጥን። ያን ሰዓት ታካሚ አልነበረም፤ እሳቸው መርፌ ይስላሉ።

"አባረርኳት" አልኳቸው። "ሰው ፊት ቀለድኩባትና አባረርኳት።"

"ትኩሳቱን በትክክል ነው ያገኘሽው" አሉኝ። "እጅሽ አልተሳሳተም። እኔ የታመመ ልጅ ሳይ መጀመሪያ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?"

አሰብኩ። ሁልጊዜ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። "'እቤት ማን አለ?'"

"ሥራው እሱ ነው። አላስተማርኩሽም፤ እያየች ታውቀዋለች አልኩ። የኔም ድርሻ አለበት፣ ልጄ።" ከዚያ ድንጋዩን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ፣ በዝግታ፣ በሽተኛ ሳይነኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ወላጆች ተሰበሰቡ። አቶ ገብረየስ መሀል ቆመው፣ "እኔ ይከፈት ባይ ነበርኩ፤ አሁን አፍ የለኝም። እናንተ ተናገሩ" አሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በኅዳር በሽታ ጊዜ እናታቸውን፣ አባታቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን በአንድ ሳምንት እንዳጡ ነገሩን። "ያኔ ሰው ለለቅሶ እየሄደ ነው ሞቶ የቀረው። ሰው ከሰው ይራቅ። ዝጉት" ብለው ተቀመጡ። የኦቦ ቱፋ ተራ ሆነ፤ ግዙፍ፣ ፂማም፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። "ልጆቻችንን ስጡን። ጤፉ ቆሟል፤ የሚያጭድ ወጣት ተኝቷል። ለነፍሳቸውም ለእህሉም ቤት ይሻላል" አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ የስምምነት ድምፅ ነበር።

እትዬ ሙሉነሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጠጉሯን ተላጭታለች።

"ልጄን ትምህርት ቤቱ አልገደላትም" አለች። "እዚያ ብትውል ሰው ያያት ነበር። እናንተ ቤት አያት አለ፣ አክስት አለ። እኛ ግን ቆልፈን ነው የምንወጣው። ካልወጣን አንበላም። ዝጉት ካላችሁ ዝጉት፤ የኛን ልጆች የት እናስቀምጣቸው? እሱን ንገሩን።"

እኔ ከኋላ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። እሷ ግን ፈልጋ አገኘችኝ። "እሷን ምንም አትበሏት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። "እሷም ልጅ ናት። አላወቀችም።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪም ደምሴ ወደ መሀል የገቡት ያኔ ነው። ሕዝብ ፊት ሲናገሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰው እንዲሰማቸው ወደ እሳቸው ተጠጋ። በሁለቱም ቋንቋ እየደጋገሙ፣ "እኔ ዝጉ ስል ቤት ሁሉ እንደ እኔ ቤት ሰው ያለበት መስሎኝ ነበር" አሉ። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ ቤቱ ሰው ያለው ልጅ እቤቱ ይቆይ። ቤቱ የተቆለፈ ልጅ ይምጣ፣ ግን ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቀድሞ የታጨደው ማሳ ላይ ተራርቆ ይቀመጥ። የሚታመመው አይባረር፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ይጠረግና እዚያ ይተኛ፣ ሲስተር ታስታምመው። አቶ ገብረየስ ተስማሙ፤ ከዚያ ወደ ገበሬዎቹ ዞረው፣ "ሴቶቹንስ?" አሉ። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንሥተው፣ "ውቂያው ሲያልቅ እናመጣቸዋለን" ብለው ማሉ።

ያ የሜዳ ትምህርት አምስት ሳምንት ያህል ቆየ። ዛሬ በረንዳው ላይ ዓይኔ ሲከደን አብዝቶ የሚመጣብኝ እሱ ነው። የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ወርቃማ፤ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች እንደ ተበተነ እህል እዚህም እዚያም። እያንዳንዳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድንጋዮቹን አቶ ገብረየስ ራሳቸው በእርምጃ ለክተው ነው ያኖሯቸው። እሳቸው በመሀል እየዞሩ ይጮኻሉ፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፣ ነፋሱ ግማሹን ይዞት ይሄዳል። "ሰባት ጊዜ ስምንት!" ይላሉ፤ መልሱ ከማሳው ግርጌ ካለው ወንዝ በኩል ዘግይቶ ይመጣል። ሰሌዳው አህያ ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ ወፎች መጥተው ይቆሙበታል። በዕቃ ቤቱ ውስጥ አግዳሚዎችን ሁለት ሁለት አጋጥመን አልጋ አድርገናል። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ የታመሙት ልጆች ተኝተው ማባዛቱን ይሰሙታል፤ አንዳንዱ በትኩሳት መሀል መልሱን ያንሾካሹካል። በዚያ ዕቃ ቤት ብዙ ልጅ ተኝቶ ተነሥቷል። አንድም አልሞተብኝም። ዕድል ነው ወይስ ሥራ፣ እሱንም አላውቅም።

እትዬ ሙሉነሽ በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ሰዓቷ ላይ መምጣት ጀመረች። ማንም አልጠራትም። ከፋብሪካው ግማሹን መንገድ እየሮጠች ትመጣና የልጆቹን ብርድ ልብስ አራግፋ፣ ውሃ አጠጥታ፣ የፋብሪካው ፉጨት ሳይነፋ ተመልሳ ትሮጣለች። ስለ ትርንጎ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዱን ሕፃን ስዳስስ ቆማ አየችኝና፣ "እጅሽ ይሞቃል" አለችኝ።

በጥር በሽታው ለቀቀን። ክፍሎቹ ታጠቡ፣ ሁሉም ልጅ እንዲመለስ ተነገረ። ከሰባቱ ሴቶች የተመለሱት ሁለት ናቸው። አቶ ገብረየስ የፈሩት ደረሰ።

አንድ ቅዳሜ እሳቸውና እኔ ወደ ኦቦ ቱፋ ቤት ሄድን። በአክብሮት ተቀበሉን፤ እርጎ ቀረበልን። አቶ ገብረየስ መሐላውን አስታወሷቸው።

"ቃሌን አልበላሁም" አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው። "ውቂያው አላለቀም።" ከኋላቸው አውድማው ተጠርጎ ባዶውን ይታያል። አቶ ገብረየስ እሱን ሲያዩ አይተው፣ "ልጅቷ ታጭታለች። ከፋሲካ በኋላ ነው ሠርጉ። ዲሬክተር፣ እርስዎን ስለማከብር ነው የምነግርዎት" አሉ።

ጫልቱን አላየናትም። ስንወጣ እናቷ አዴ ብርቄ እስከ አጥሩ ሸኘችን። እዚያ ስትደርስ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። "ያቺ የሞተችው ልጅ ስሟ ትርንጎ ነው?"

"አዎ።"

"ጫልቱ ተኝታ ትጠራታለች" አለችኝ። ስንመለስ አቶ ገብረየስ ወንዙ ዳር ቆመው፣ "እኔም ልክ ነበርኩ፤ ምን ያደርግልኛል?" አሉ።

ከነፋስ ስልክ በኋላ አሰላ ሠርቻለሁ፣ ጎባ ሠርቻለሁ፣ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ስታልፍ ኮሪደሩ ሁሉ ጸጥ በሚልላት ኃይለኛ አለቃ ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ሙሉ ነርስ ሆኛለሁ፣ አስተምሬያለሁ። ሐኪም ደምሴ የሞቱት እኔ ጎባ ሳለሁ ነው፤ ዘግይቼ ሰማሁ። ተማሪዎቼን ትኩሳት መዳሰስ ሳስተምር እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አስከትቼ "እቤት ማን አለ?" አስብላቸው ነበር፤ ይስቁብኛል፣ ግን ይሉታል። ልጄ ምሳ ላይ ለጠየቀችኝም ያለኝ መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሰው፣ ልጁ ከበሩ ዞሮ የት እንደሚሄድ እግሩን ተከትሎ ይይ። ከዚያ በኋላ የወሰነውን ይወስን፤ ሁለቱም ያስከፍላል።

ግን ታሪኬን እዚህ ላይ ማቆም አልፈልግም። የምወደው ቦታ አለ፤ እዚያ ነው የማቆመው።

ብዙ ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል የሚል ደንብ ነበር። አቶ ገብረየስ የአምስቱን ሴቶች ስም አልሰረዙም። እኔ በዚያ ዓመት ዕቃ ቤቱን የሕሙማን ክፍል አድርጌ ይዤው ስለነበር፣ በግድግዳው ማዶ ሦስተኛ ክፍልን ሲጠሩ በየጠዋቱ እሰማለሁ። በፊደል ተራ ነው የሚጠሩት። "ታደለ።" "አቤት!" ከዚያ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ትርንጎ የነበረችበት ቦታ ነው። ከዚያ "ነጋሽ"። "አቤት!" እንዲህ እያሉ ወደ ታች ይወርዱና "ጫልቱ ቱፋ" ይላሉ። ይጠብቃሉ። የሚመልስ የለም። "ጸጋዬ" ብለው ይቀጥላሉ። ጥር እንዲህ አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ በዝምታው ይሳሳቁ ነበር፤ በኋላ አብረዋቸው መጠበቅ ለመዱ።

ከፋሲካ ዕረፍት በተመለስንበት ጠዋት ጉም ነበር። ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ነው። "ታደለ።" "አቤት!" ዝምታ። "ነጋሽ።" "አቤት!" ወረዱ። "ጫልቱ ቱፋ።"

"አቤት።"

ድምፁ ከአግዳሚዎቹ አልመጣም፤ ከደጅ ነው። ብርድ ልብሱን ጥዬ ወጣሁ። ጫልቱ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጤዛ ርሷል፣ ደብተሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከአጥሩ ውጭ አዴ ብርቄ ቆማለች፤ እንደ ሮጠ ሰው ታለከልካለች። ወደ እሷ ሄድኩ።

"ሠርጉ ለከርሞ ይሁን አልኳቸው" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። "ከርሞ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር እላለሁ።"

በክፍሉ ውስጥ አቶ ገብረየስ ዓይናቸውን ከመዝገቡ አላነሱም። ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ፣ ስሟ አጠገብ ምልክት አደረጉ፣ እንዳይጨማለቅ እፍ አሉበት። እጃቸውን ዘርግተው አግዳሚውን አሳዩዋት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ጸጋዬ" አሉ።

ማንም አልመለሰም። ክፍሉ በሙሉ ወደ በሩ ዞሮ ጫልቱን እያየ ነበር።

"ጸጋዬ!" አሉ አቶ ገብረየስ፣ ድምፃቸው እየሳቀ።

"አቤት!"